መልኩን የሚለዋውጠው ብረት፦ ሜርኩሪ ከአየር እስከ ዓሣ

ሜርኩሪ፣ በቀደመው አጠራር ባዜቃ፣ በተራ የክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝ ብቸኛው ብረት ሲሆን፣ የአካባቢ ኬሚስትሪ ተመራማሪዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይታክቱ ከተከታተሏቸው በካዮች አንዱ ነው። ይህን ያህል ትኩረት የሳበው መርዛማ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ መርዛማ ብረቶችማ እርሳስንና ካድሚየምን ጨምሮ ሌሎችም አሉ። ሜርኩሪን ከእነዚህ የሚለየው ከአየር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ደለል፣ ከደለል ወደ ዓሣ በሚያደርገው ጉዞ በየደረጃው ኬሚካዊ መልኩን መለዋወጡና፣ በተለወጠ ቁጥርም የሚያደርሰው ጉዳት ፈጽሞ ሌላ መሆኑ ነው። ስለዚህ በአንድ ሐይቅ ወይም በአንድ ከተማ አየር ውስጥ ምን ያህል ሜርኩሪ አለ የሚለው ጥያቄ ብቻውን ቢመለስ ብዙም አይጠቅምም፤ በየትኛው መልኩ እንዳለና ወደየትኛው ሊለወጥ እንደሚችል አብሮ ካልታወቀ የሚወሰደው የጥንቃቄ እርምጃ ዒላማውን ይስታል።

የልዩነቱን ስፋት ለመረዳት የሰው አካል ዋና ዋናዎቹን የሜርኩሪ ዓይነቶች እንዴት እንደሚቀበላቸው ማየት ይበቃል። በድሮ ቴርሞሜትር ውስጥ የሚታየው ብርማ ፈሳሽ፣ ማለትም ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ያልተዋሐደው ንጹሕ ሜርኩሪ፣ በስሕተት ቢዋጥ ጤነኛ አንጀት ከውስጡ የሚመጠው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ቀሪው እንዳለ ከሰውነት ይወጣል። ይኸው ፈሳሽ ተንኖ በትንፋሽ ሲገባ ግን ሳንባ 80 በመቶ ያህሉን ተቀብሎ ወደ ደም ያሳልፈዋል፣ ከደምም ወደ አንጎል ይዘልቃል። ሦስተኛው ዓይነት ሜቲል ሜርኩሪ ይባላል፤ አንድ የካርቦንና ሦስት የሃይድሮጂን አቶሞች ያሉት ሜቲል የተባለ ቡድን የተጣበቀበት ሜርኩሪ ማለት ነው። ይህ ከምግብ ጋር ሲበላ 95 በመቶ ያህሉ ወደ ደም ይገባል፤ ከዚያም በፕሮቲን ውስጥ ካለው ሰልፈር ጋር ተቆራኝቶ አካል ከሚፈልገው አንድ አሚኖ አሲድ ጋር የሚመሳሰል ቅርጽ ስለሚይዝ፣ አንጎልን ከመርዝ የሚከልለውን የደም ሥሮች አጥር ያልፋል፣ በእንግዴ ልጅ በኩልም ወደ ጽንሱ ይደርሳል። ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ድረስም 50 ቀን ገደማ ይወስዳል።

የአንድ ሜቲል መጨመር ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ የኬሚስትሪው ዓለም በካረን ወተርሃን ሞት በመሪር ሐዘን ተረድቶታል። በአሜሪካ የዳርትመዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት ወተርሃን፣ እንደ ክሮሚየም ያሉ መርዛማ ብረቶች በሕዋስ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት በማጥናት የታወቁ ጥንቁቅ ተመራማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1996 በመሣሪያ ልኬት ላይ ለማመሳከሪያ ያገለግል ከነበረው ዳይሜቲል ሜርኩሪ፣ ማለትም ሁለት ሜቲል ከተጣበቀበት ሜርኩሪ፣ ጥቂት ጠብታ በእጅ ጓንታቸው ላይ ወደቀ። ጓንቱ በጊዜው ደንብ በቂ ነው ተብሎ የሚታመን የላቴክስ ጓንት ነበር። ከወራት በኋላ ሚዛናቸውን መጠበቅና አጥርተው መናገር ተሳናቸው፤ በጁን 1997 በ48 ዓመታቸው አረፉ። በኋላ የተደረገው ፍተሻ ፈሳሹ እንዲህ ያለውን ስስ ጓንት ዘልቆ ለማለፍ 15 ሰከንድ እንኳ እንደማያስፈልገው ያሳየ ሲሆን፣ የየቤተ ሙከራው የጓንት ደንብም ከዚያ ወዲህ ተለወጠ።

ሜርኩሪ ወደ አየር የሚገባው በእሳተ ገሞራና ከአለትና ከአፈር በሚደረግ ትነት ጭምር ቢሆንም፣ ዛሬ በአየር ውስጥ ላለው ከፍተኛ ክምችት ዋናው ተጠያቂ የሰው ልጅ ሥራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2018 ባወጣው ግምገማ መሠረት፣ በ2015 በሰው ሥራ ምክንያት ብቻ 2,220 ቶን ያህል ሜርኩሪ ወደ አየር ተለቋል። ከዚህ ውስጥ 38 በመቶ ገደማው ከባህላዊና ከአነስተኛ ወርቅ ማምረቻ፣ 21 በመቶ ገደማው የድንጋይ ከሰልን ከማቃጠል የመጣ ሲሆን፣ ብረታ ብረት ማቅለጫዎችና ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ይከተላሉ። በአንድ ቶን የድንጋይ ከሰል ውስጥ ያለው ሜርኩሪ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ግራም በታች ነው፤ ነገር ግን በየዓመቱ የሚቃጠለው ከሰል በቢሊዮን ቶን ስለሚቆጠር ድምሩ ከባድ ይሆናል።

ከጭስ ማውጫና ከወርቅ ማንጠሪያ ምድጃ የሚወጣው ሜርኩሪ አብዛኛው ንጹሕ ሜርኩሪ በጋዝ መልክ ነው። ይህ ጋዝ በውሃ የማይሟሟ በመሆኑ ዝናብ አጥቦ አያወርደውም፤ በአየር ላይም ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ስለሚቆይ በአንድ አህጉር የተለቀቀው ምድርን ዞሮ በሌላው ላይ ይወርዳል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከከተማና ከፋብሪካ ርቆ በሚገኝ ስፍራ እንኳ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 1.5 ናኖግራም ያህል ሜርኩሪ አለ፤ ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው። ይህ መጠን ለሚተነፍሰው ሰው ጉዳት የለውም። ጋዙ ኤሌክትሮኖቹን ለሌላ ንጥረ ነገር ሲያስረክብ ግን በውሃ የሚሟሟ፣ በቀላሉ ከአቧራና ከዝናብ ጠብታ ጋር የሚጣበቅ ሌላ ሜርኩሪ ይሆንና በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ መሬት ላይ ያርፋል፤ ጣጣው የሚጀምረውም ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ ለውጥ ምን ያህል ፈጣን ሊሆን እንደሚችል የታወቀው ማንም ባልጠበቀው ስፍራ ነበር። የካናዳ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኬሚስት የነበሩት ቢል ሽሮደርና ባልደረቦቻቸው በ1995 መጀመሪያ ላይ፣ ከሰሜን ዋልታ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በሚርቀው አለርት በተባለ ጣቢያ የአየር ሜርኩሪን ያለማቋረጥ መለካት ጀመሩ። በረጅሙ የዋልታ ክረምት መለኪያው የተለመደውን 1.5 ናኖግራም ሲያሳይ ቆይቶ፣ ፀሐይ ከወራት ጨለማ በኋላ ብቅ ባለችበት የጸደይ ወቅት መጠኑ በሰዓታት ውስጥ ወደ ዜሮ እየተጠጋ ይወርድ፣ ከዚያም መልሶ ይወጣ ጀመር። በነዚያው ሰዓታት በምድር ወለል አጠገብ ያለው ኦዞንም አብሮ ይጠፋ ነበር። በ1998 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመው ይህ ግኝት ምክንያቱ ሲመረመር፣ ከባሕር በረዶ ጨው የሚወጣው ብሮሚን የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ ኦዞኑን እያፈረሰ ሜርኩሪውንም ወደሚሟሟው መልኩ እየለወጠ በረዶው ላይ እንደሚያራግፈው ታወቀ። አንድም ፋብሪካ በሌለበት አገር ዓሣና ዓሣ ነባሪ አድነው የሚኖሩ ሕዝቦች ደማቸው ውስጥ ከፍተኛ ሜርኩሪ መገኘቱ እንቆቅልሽ ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ የአለርቱ ልኬት የመልሱን አንድ ክፍል ሰጠ። ከበረዶው ላይ ብዙው ሜርኩሪ በብርሃን ኃይል እንደገና ተንኖ ወደ አየር እንደሚመለስ ተከታይ ጥናቶች ስላሳዩ ግን የመልሱ ሌላ ክፍል ጎድሎ ነበር። በ2017 የዳንኤል ኦብሪስት ቡድን በሰሜን አላስካ ያደረገው የሁለት ዓመት ልኬት፣ ወደ ምድሩ ከሚገባው ሜርኩሪ 70 በመቶ ያህሉን ዝናብና በረዶ ሳይሆኑ ዕፅዋት ራሳቸው ከአየር በጋዝ መልኩ እንደሚስቡት አመለከተ። ቅጠል ይተነፍሳል፣ ሜርኩሪውን ይይዛል፣ ሲረግፍም ለአፈሩ ያስረክበዋል፤ ይህም በዋልታ ብቻ ሳይሆን ደን ባለበት ስፍራ ሁሉ የሚከናወን ነው።

እንዲህ ያለ ጥቃቅን መጠን እንዴት ይለካል የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ሜርኩሪና ወርቅ ሲነካኩ ስለሚዋሐዱ፣ መሣሪያው አየሩን በወርቅ በተለበጠ አሸዋ በተሞላች ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ወርቁም ሜርኩሪውን አስቀርቶ የቀረውን አየር ይለቀዋል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ቱቦዋ በኃይል ስትሞቅ የታሰረው ሜርኩሪ በአንድ ጊዜ ይተናል፤ 253.7 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የማይታይ ብርሃን ሲያርፍበትም መልሶ ያበራል፣ የብርሃኑ ድምቀትም መጠኑን ይነግራል። በውሃ ላይ ግን ከመሣሪያው ይልቅ ያስቸገረው የቀጂው እጅ ነበር። እስከ 1980ዎቹ ድረስ የታተሙ ብዙ የባሕርና የሐይቅ ውሃ ልኬቶች ከእውነተኛው መጠን እጅግ የበዙ እንደነበሩ፣ ምክንያቱም ከጠርሙሱ፣ ከጀልባውና ከቤተ ሙከራው አየር የገባ ሜርኩሪ እንደነበር እንደ ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ፊትዝጀራልድ ያሉ ኬሚስቶች አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የውሃ ናሙና የሚወሰደው በሁለት ሰው ሲሆን፣ አንደኛው ውጫዊውን የፕላስቲክ ከረጢት ይከፍታል፣ ጀልባውንና ዕቃውንም የሚነካው እሱ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ንጹሕ ጓንት እንዳደረገ የውስጡን ከረጢት ከፍቶ ጠርሙሱን ብቻ ያወጣል፣ ፊቱን ወደ ውሃው መምጫና ወደ ነፋሱ መንፈሻ አዙሮም ይቀዳል። ጥርሱ በሜርኩሪ ቅልቅል የተሞላ ባለሙያ በተከፈተ ጠርሙስ ላይ እንዳይተነፍስ ሳይቀር ይጠነቀቃል፤ ከጥርሱ የሚወጣው ትነት የአንድ ሐይቅን ልኬት ሊያበላሽ ይችላልና። ይህ ጥንቃቄ የተጋነነ ሊመስል ቢችልም፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ምግብ ላይ የሚወሰነው ውሳኔ የሚቆመው በዚህ ናሙና ላይ ስለሆነ ከዚህ የቀለለ አሠራር ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

ከአየር ወርዶ ወደ ሐይቅና ወደ ረግረግ የገባው ሜርኩሪ በራሱ ለዓሣ በላተኛ ያን ያህል አስጊ አይደለም። አስጊ የሚያደርጉት ኦክስጅን በጠፋበት ደለል ውስጥ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ተሐዋስያን ናቸው። በ1969 ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች፣ ጄንሰንና የርኔሎቭ፣ በሐይቅ ደለል ውስጥ ያሉ ሕያዋን ተራውን ሜርኩሪ ወደ ሜቲል ሜርኩሪ እንደሚለውጡ ገለጹ። የትኞቹ ተሐዋስያን ይህን ማድረግ እንደሚችሉና የትኞቹ እንደማይችሉ ለመለየት ግን ከአርባ ዓመት በላይ ፈጀ፤ በ2013 በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የሚመራ ቡድን ለሥራው የግድ የሚያስፈልጉትን ሁለት ዘረ መሎች አገኘ። ዘረ መሎቹ በሰልፌት በሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ብቻ ሳይሆን ብረትን በሚጠቀሙና ሚቴን ጋዝ በሚያመርቱ ተሐዋስያንም ውስጥ ስለተገኙ፣ ረግረግ፣ የሩዝ ማሳና አዲስ በውሃ የተጥለቀለቀ መሬት ሁሉ ሜቲል ሜርኩሪ ሊመረትባቸው የሚችሉ ስፍራዎች እንደሆኑ ግልጽ ሆነ።

ሜቲል ሜርኩሪ በውሃው ውስጥ እጅግ ጥቂት ቢሆንም አልጌ ያጠራቅመዋል፤ አልጌውን ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት፣ እነሱን ትናንሽ ዓሣዎች፣ እነዚህን ደግሞ ትልልቅ ዓሣዎች ሲበሏቸው በየደረጃው እየተከማቸ ይሄድና፣ በአዳኝ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ያለው መጠን በዙሪያው ካለው ውሃ ይልቅ በሚሊዮን እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። የሚከማቸው በሥጋው ፕሮቲን እንጂ በስቡ ወይም በቆዳው ስላልሆነ መግፈፍም፣ መቀቀልም፣ መጥበስም አያስወግደውም። ይህን ማወቅ ለቤት እመቤትም ለምግብ ቤት ባለቤትም ይጠቅማል።

በጃፓን የሚናማታ ከተማ የደረሰው የመመረዝ መከራ የዚህ ሁሉ ምርምር መነሻ ቢሆንም፣ ከኬሚስትሪ አንጻር ከሌሎቹ ብክለቶች የሚለይበት ነጥብ አለ። በዚያ የነበረው የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ ከ1932 እስከ 1968 አሴታልዲሃይድ የተባለ ኬሚካል ሲያመርት በሜርኩሪ ውሑድ እንደ ካታሊስት፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጡን እንደሚያፋጥን አጋዥ፣ ይጠቀም ነበር፤ ከሜርኩሪውም ጥቂቱ በምርቱ ሂደት ላይ እያለ ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ስለሚለወጥ ፍሳሹ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚገባው መርዙን ይዞ ነበር። በሜይ 1956 የፋብሪካው ሆስፒታል ዳይሬክተር ሐኪም ሐጂሜ ሆሶካዋ ምንነቱ ያልታወቀ የነርቭ በሽታ መታየቱን ለጤና ባለሥልጣናት አመለከቱ። እኚህ ሐኪም በ1959 ከአሴታልዲሃይድ ክፍል የሚወጣውን ፍሳሽ ከምግብ ጋር ለድመቶች ሰጥተው፣ በ400 ቁጥር የተመዘገበችው ድመት በሽታው እንደያዛት አረጋገጡ፤ ኩባንያው ግን ውጤቱ እንዳይወጣ ከለከለ። መንግሥት የበሽታው መንስኤ የፋብሪካው ሜቲል ሜርኩሪ መሆኑን በይፋ የተቀበለው በሴፕቴምበር 1968፣ ምርቱ ከቆመ ከወራት በኋላ ነው። በእነዚያ በባከኑ ዓመታት እናቶቻቸው ብዙም ሳይታመሙ፣ ራሳቸው ግን በማኅፀን ተመርዘው የተወለዱ ልጆች እንዳሉ መታወቁ ጽንሱ ከእናቱ ይልቅ ለጉዳት የተጋለጠ መሆኑን ለዓለም አሳየ።

ከ1971 እስከ 1972 ኢራቅ ውስጥ ለዘር የመጣና በሜቲል ሜርኩሪ ፀረ ፈንገስ የታሸ እህል ተፈጭቶ ዳቦ በመሆኑ 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ሲገቡ 459ኙ ሞቱ። ከዚህ ጥፋት ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ የሚሠሩበትን አንድ ዘዴ ይዘው ወጡ። የራስ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግና በሚበቅልበት ጊዜ በደም ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ስለሚይዝ፣ የአንዲትን ነፍሰ ጡር ፀጉር ከሥሩ ጀምሮ በሴንቲ ሜትር እየቆራረጡ መለካት ጽንሱ በየትኛው ወር ምን ያህል መርዝ እንዳገኘ ያስነብባል። በፋሮ ደሴቶችና በሲሼልስ ዓሣ የሚበሉ እናቶችና ልጆቻቸው ለዓመታት የተጠኑት በዚሁ ዓይነት ልኬት ነው።

ልቀቱ ቢቀነስ ዓሣው ይጸዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ለመንግሥታትም ለፋብሪካ ባለቤቶችም ከሁሉ የሚያሳስብ ነው፤ ምክንያቱም በደለልና በአፈር ውስጥ አስቀድሞ የተከማቸው ሜርኩሪ ለዘመናት ዓሣውን መመረዙን የሚቀጥል ከሆነ የጭስ ማጣሪያ መግጠም ከንቱ ወጪ ነው የሚል ክርክር ነበር። ለዚህ ክርክር መልስ የሰጠው ሙከራ ከአካባቢ ኬሚስትሪ ሥራዎች ሁሉ እጅግ ከሚደነቁት አንዱ ነው ማለት ይቻላል። ሜርኩሪ ክብደታቸው የሚለያይ ሰባት የማይፈርሱ አይሶቶፖች አሉት፤ አይሶቶፕ የአንድ ንጥረ ነገር በኬሚካዊ ጠባዩ ተመሳሳይ፣ በክብደቱ ግን የተለየ አቶም ነው። ከ2001 እስከ 2007 በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት፣ ለሳይንስ ሙከራ በተከለሉ ሐይቆች አካባቢ፣ 658 ቁጥር በተሰጠው ሐይቅ ተመራማሪዎች ውሃው ላይ 202 የተባለውን፣ በዙሪያው ባለው ደን ላይ 200 የተባለውን፣ በረግረጉ ላይ ደግሞ 198 የተባለውን አይሶቶፕ በጥቂት በጥቂቱ ጨመሩ። አርብቶ አደር ከብቱን በማኅተም ከሌላው መንጋ እንደሚለይ ሁሉ፣ በዓሣው ሥጋ ውስጥ የተገኘው እያንዳንዱ ሜርኩሪ ከየት እንደመጣ በክብደቱ ይታወቅ ነበር። ውሃው ላይ በቀጥታ የወረደው ሜርኩሪ ብዙም ሳይቆይ ሜቲል ሆኖ ወደ ዓሣው ገባ፤ በደኑ ላይ የወረደው ግን በዕፅዋትና በአፈር ተይዞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሞላ ጎደል ምንም ወደ ሐይቁ አልደረሰም። ጭማሪው ከቆመ በኋላ በስምንት ዓመት ውስጥ፣ በጥቃቅን የውሃ ነፍሳትና በትናንሽ ዓሣዎች የነበረው ምልክት ያለበት ሜቲል ሜርኩሪ እስከ 91 በመቶ ሲወርድ፣ በትልልቅ ዓሣዎች ላይ ያለው እንደ ዝርያው ከ38 እስከ 76 በመቶ ቀነሰ። ስለዚህ ከአየር የሚወርደውን መቀነስ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ፍሬ ያፈራል፤ ከአሮጌው ክምችት ይልቅ አዲስ የሚገባው ዓሣውን ቶሎ ይደርሰዋልና።

የኢትዮጵያ ሐይቆችም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደሉም። ሐዋሳ ሐይቅ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የሌለው የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ሲሆን፣ እንደ ሚናማታው ያለ ሜርኩሪ የሚለቅ ፋብሪካ በዳርቻው ኖሮ አያውቅም። ዘሪሁን ደስታ፣ ዝናቡ ገብረ ማርያምና የኖርዌይ ባልደረቦቻቸው በ2006 ባሳተሙት ጥናት ግን ትልቁ ባርበስ፣ ዓሣ አጥማጆች ቢልጫ የሚሉት፣ የአመጋገብ ደረጃው ሲለወጥ በሥጋው ያለው ሜርኩሪም በእጅጉ እንደሚለያይ አሳዩ። ተመራማሪዎቹ ዓሣው ምን ሲበላ እንደኖረ የለዩት በሥጋው ውስጥ ባለው የናይትሮጅን አይሶቶፕ ነው፤ አንድ እንስሳ ሌላውን በበላ ቁጥር ከባዱ ናይትሮጅን ከሺህ ሦስት ያህል እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ቁራጭ ሥጋ ብቻ በምግብ ሰንሰለቱ ላይ ያለውን ቦታ ይናገራል። ሌላ ዓሣ መብላት የጀመረው ትልቁ ቢልጫ፣ አዘውትሮ ለሚመገበው ሰውና ለነፍሰ ጡር የሚያሳስብ መጠን ላይ ሲደርስ፣ ነፍሳትና ቀንድ አውጣ መሰል ሕያዋን የሚበላው ትንሹ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነበረው። ይበልጥ ትኩረት የሚስበው በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሌላው ጥናታቸው ነው፤ አምባዛም ዓሣ በል ሆኖ ሳለ በውስጡ የተገኘው ሜርኩሪ ከሚጠበቀው ያነሰ ነበር። የሚያድነው ዓሣ ምን ዓይነት እንደሆነና አዳኙ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ ውጤቱን ይለውጡታል፤ በአመዛኙ አልጌ የሚመገበውን ቆሮሶ የሚበላ ዓሣ፣ ሌሎች አዳኞችን ከሚበላ ዓሣ ያነሰ መርዝ ያገኛል፤ በፍጥነት የሚደልበውም የሚያገኘውን በሰፊ ሥጋ ላይ ያከፋፍለዋል።

በሐዋሳው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ሥጋው ተገፍፎ፣ አጥንቱ ለሾርባ ተለይቶ የሚሸጠው ዓሣ በአመዛኙ ቆሮሶ መሆኑ ለተመጋቢው መልካም ዜና ነው። ዓሣ ለጽንሱም ለሕፃኑም አንጎል የሚጠቅም ቅባትና ፕሮቲን ስላለው፣ ከሜርኩሪ ፍርሃት የተነሣ ነፍሰ ጡሮችን በጠቅላላው ከዓሣ ማራቅ ጉዳቱ ሊያይል ይችላል፤ የሚበጀው ምክር ዝርያውንና መጠኑን መምረጥ፣ ቆሮሶን መብላትና ትልልቅ ቢልጫዎችን ማዘውተር መተው ነው። የዓሣ ፍላጎት በእጅጉ በሚጨምርበት የሁዳዴ ጾም ወቅት ይህን ለገበያተኛው የሚነግር ማስታወቂያ በየገበያው ቢሰቀል ከብዙ ስብሰባ ይበልጥ ይጠቅማል።

ሌላው በቅርብ መታየት ያለበት ጉዳይ ወርቅ ነው። በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች ሜርኩሪን የሚጠቀሙበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ከታጠበው አሸዋ ውስጥ ዓይን የማይለያቸውን የወርቅ ብናኞች ለቅሞ አማልጋም የተባለ ለስላሳ ድብልቅ ይሠራል፣ ድብልቁ በእሳት ሲሞቅም ሜርኩሪው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። የሚተነው በቀጥታ ወደ አንጣሪው ሳንባና በምድጃው ዙሪያ ወዳሉት ልጆች ሳንባ ይገባል፤ የቀረው ከአሸዋው ጋር ወደ ወንዝ ይወርዳል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝን፣ ጋምቤላንና ጉጂን በመሳሰሉ ወርቅ በእጅ በሚታጠብባቸው አካባቢዎች ሜርኩሪ በደረሰበት ሁሉ ጉዳቱ ይኸው ነው። ትነቱን አቀዝቅዞ መልሶ ወደ ፈሳሽነት የሚሰበስብ ሪቶርት የተባለ የተዘጋ የብረት ዕቃ አብዛኛውን ሜርኩሪ ያስቀራል፣ ዋጋውም ለማኅበር የሚከብድ አይደለም፤ ከዚህም የተሻለው ያለ ሜርኩሪ በቦራክስ ማቅለጥ ነው። አምራቹን ከማሳደድ ይልቅ እነዚህን መሣሪያዎች ማዳረስ ለጤናውም ለገቢውም ይበጃል። በገበያ ላይ የሚዘዋወሩ አንዳንድ ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞችም የቆዳ ቀለም የሚሠራውን ሂደት ለመግታት ሜርኩሪ ይጨመርባቸዋል፤ ይህም በቆዳ በኩል ኩላሊትን የሚጎዳ፣ ከተጠቃሚዋ አልፎ በፎጣና በትራስ ለልጆቿ የሚተርፍ አደጋ ነው።

ትልልቅ ግድቦች ደግሞ የተለየ ጥያቄ ያስነሣሉ። አፈርና ዕፅዋት በውሃ ሲጥለቀለቁ ይበሰብሳሉ፣ መበስበሱ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ በአፈሩ ውስጥ የነበረውም ሜርኩሪ ለሜቲል አምራቾቹ ተሐዋስያን ምቹ ይሆናል። በካናዳ ኩቤክ በላ ግራንድ ወንዝ ላይ በተሠሩ ግድቦች በዓሣዎች ውስጥ ያለው ሜርኩሪ በብዙ እጥፍ ጨምሮ ወደ ቀድሞው ለመመለስ እንደ ዝርያው ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል፤ ዓሣ ዋና ምግባቸው የሆነ የክሪ ሕዝቦችም ለዓመታት የምግብ ምርጫቸውን ማስተካከል ነበረባቸው። ሞቃት በሆነው በፈረንሳይ ጉያና የፔቲ ሶ ግድብም ኦክስጅን ባጣው ጥልቅ ውሃ ሜቲል ሜርኩሪ ሲመረት ታይቷል። ከ2020 ጀምሮ ውሃ የያዘው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ አዲስ የዓሣ ሀብት ይዞ መጥቷል፤ ያለበት ክልልም ወርቅ የሚታጠብበት ነው። ስለዚህ በዚያ የሚጠመዱትን ዓሣዎች በዝርያና በርዝመት ለይቶ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንስቶ በየጊዜው መለካት ግድ ነው፤ ከጊዜው ያለፈ ልኬት የመጀመሪያውን ከፍታ አይመልስምና።

ሜርኩሪን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት በሚናማታ ስም ተጠርቶ በ2013 ጃፓን ውስጥ ለፊርማ ቀርቦ በኦገስት 2017 ሥራ ላይ ውሏል፤ አዳዲስ የሜርኩሪ ማዕድን ማውጫ እንዳይከፈት ይከለክላል፣ ብዙ ሜርኩሪ ያለባቸው ምርቶችም ከገበያ የሚወጡበትን ጊዜ ይወስናል። ስምምነቱ ፍሬ ማፍራቱ የሚመዘነው ግን በአየር፣ በዓሣና በሰው ፀጉር ላይ በሚደረግ ልኬት ሲሆን፣ በአፍሪካ ለረጅም ጊዜ የአየር ሜርኩሪን ሲለኩ ከኖሩት ጥቂት ጣቢያዎች ታዋቂው ከ1995 ጀምሮ ሜርኩሪን የሚለካው የደቡብ አፍሪካው ኬፕ ፖይንት ነው። ቋሚ ጣቢያ ማቆም ውድ ቢሆንም፣ ኬሚስቶች ባለፉት ዓመታት በሰልፈር በተነከረ ካርቦን የተሞላና ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ አነስተኛ ናሙና ሰብሳቢ አዘጋጅተዋል። ይህ ዕቃ በወርቅ ማንጠሪያ መንደር ዛፍ ላይ ለወራት ተንጠልጥሎ ቆይቶ ወደ ቤተ ሙከራ ሲላክ የአካባቢውን አየር አማካይ ሜርኩሪ ይነግራል፤ ከአንድ ዓሣ ጀርባ የተወሰደ ኩርማን ሥጋና ከአንዲት እናት ራስ የተቆረጠ ጥቂት ፀጉር ቢጨመሩበትም፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ በአነስተኛ በጀት የአንድ ወረዳን ሜርኩሪ ከአየሩ እስከ ሰዉ በየመልኩ ለይቶ ለማወቅ ይችላል።